ሚስትህ ራሷ ያልሠራችውን ማዕድ የበላችው መቼ ነው?

ባለፈው ወር ስለ ልጆች የትምህርት ውጤትና ስለ ወላጆች ቁጣ ተነጋግረን ነበር። በዚህ ወር ደግሞ እስቲ ወደ ማዕድ ቤት ጎራ እንበል። ርዕሱን ያነበበ ወንድም «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ የባለቤቴ ነው። በጠየቀችኝ ጊዜ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖረን ሦስት ልጆች ወልደን ነበር። መልስ ግን አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር ማለቂያ ላይ ደብረ ማርቆስ ለመምህራን የተዘጋጀ የአምስት ቀን ሥልጠና ተካፍዬ ወደ ደጀን ተመለስኩ። ማታ እራት ቀርቦ ሳለ ስለ ሥልጠናው ማውራቱን ትቼ ስለ ምሳው ማውራት ያዝኩ። አንድ ቀን ዓሣ ጥብስ፣ አንድ ቀን በየዓይነቱ፣ አንድ ቀን ደግሞ ፓስታ እንደበላን ስዘረዝር ባለቤቴ የትንሿን ልጃችንን አፍ እየጠረገች ዝም ብላ ትሰማኝ ነበር። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንተ፣ እኔ ራሴ ያልሠራሁትን ምግብ ቁጭ ብዬ የበላሁት መቼ ይመስልሃል?» አለችኝ።

«የአጎትሽ ልጅ ሠርግ ላይ ነዋ!» አልኳት።

«እዚያማ ሌሊቱን ሽንኩርት ስከትፍ አደርኩ።»

«እሺ፣ በዒድ?»

«በዒድ ማን ሆነና የሚሠራው?»

«ስትወልጂስ?»

«የአራስ ገንፎ ነው የምትቆጥርልኝ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን የደስታ ሳቅ አልነበረም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወንድሞቼ ሆይ! እስቲ እናንተም መጽሔቱን አስቀምጣችሁ ለአንድ አፍታ አስቡት። እኛ ወንዶች በሥራ፣ በስብሰባ፣ በገበያ፣ በለቅሶም ሰበብ ከቤት ውጭ የምንበላበት አጋጣሚ አናጣም። የእኛ እናቶች፣ እህቶችና ሚስቶች ግን ቀን በቀን ሦስት ጊዜ እሳት ፊት ቆመው፣ ሌላውን አብልተው፣ በመጨረሻ የቀረውን ከድስቱ ሥር ይጠርጋሉ። ይህን ስንት ዓመት አይተን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቆጠርነው?

የቤታችን ጓዳ

የእኔ ቤት ሸክም ደግሞ ከሌላው በረታ እንጂ አላነሰም። እናቴ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ነበረች። የምታጥባት፣ የምታጎርሳት፣ ለውዱእ ውሃ የምታቀርብላት፣ ሌሊት እየተነሣች የምታገላብጣት ባለቤቴ ናት። እኔ ልጇ አስተምሬ ስመለስ «እማዬ እንዴት ዋልሽ?» ብዬ እጇን ስሜ መጽሐፌን እከፍታለሁ። የልጅነት ግዴታዬን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር። የተወጣሁት ግን በሰው ትከሻ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ሞጣ ላይ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ሲቃጠሉ ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም የምንኖር ሁሉ ልባችን ደማ። ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ ልጆቼ «እትዬ» እያሉ የሚያድጉባት ሴት፣ ያን ሰሞን ማታ ማታ ጀበናዋን ይዛ እየመጣች ባለቤቴን ታጫውታት ነበር። አላህ ውለታዋን ይክፈላት። ያም ሆኖ ባለቤቴ እንቅልፍ አጣች፤ ራሷን ያማት ጀመር፤ ሰውነቷ ቀጠነ። ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመረመርኳት። የመረመራት ባለሙያ ውጤቱን አይቶ «በሽታ አላገኘሁም፤ ዕረፍት ግን ያስፈልጋታል» አለኝ። «ዕረፍት» የሚለውን መድኃኒት ከየትኛው ፋርማሲ እንደምገዛው ግን አላወቅሁም ነበር።

እዚሁ ደጀን ምግብ ቤት ልጋብዛት ብልስ? እንደምታውቁት በአገራችን ልማድ ሙስሊሙ የሙስሊም እርድ፣ ክርስቲያኑም የክርስቲያን እርድ ነው የሚበላው። በጎጃም ከተሞች ቁጥራችን ጥቂት በመሆኑ ሥጋ ቤቱም ምግብ ቤቱም በአብዛኛው የክርስቲያን ወገኖቻችን ነው። ወንዱ ሻይ ቤት ገብቶ ሽሮውን በልቶ ይወጣል። ሙስሊም ሴት ከባሏ ጋር ተቀምጣ ጥብስ ወይም ክትፎ አዝዛ የምትበላበት ቦታ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ባለቤቴ ሥጋ የምትበላው እኔ ወይም ጎረቤት ሙስሊም ያረደውን፣ እርሷው ራሷ ዘልዝላ፣ እርሷው ራሷ ሠርታ ነው።

ቀን መቁረጫ ሳወጣና ሳወርድ የዓድዋ በዓል የካቲት 23 ሰኞ ላይ መዋሉን አየሁ። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፤ ሦስት ቀን! ከመምህራን ጋር የምጥለው እቁብ ደርሶኝ አራት ሺህ ብር በእጄ ነበር። እህቴ ከቢቸና መጥታ እናታችንንና ልጆቹን ልትይዝ ተስማማች። ለባለቤቴም «አዲስ አበባ እንሄዳለን» አልኳት። «ለሕክምና?» አለችኝ። «አይደለም፤ ልትበዪ ነው» አልኳት። የቀለድኩ መሰላት።

«ለመብላት ዓባይን መሻገር?»

ወሬው ሲሰማ ተቃውሞው ከሁለት ወገን መጣ። እናቴ «ለመብላት ብሎ ዓባይን የሚሻገር ሰው ምን ዓይነት ነው?» አለች። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ «ይህን ገንዘብ ለየቲም ብትሰጠው አይሻልም?» አለኝ። ባለቤቴም ይህን ሰምታ «ይቅር» አለች።

የባልደረባዬን ጥያቄ በቀላሉ ላልፈው አልፈለግሁም። ሶደቃ ትልቅ ሥራ ነው፤ እስራፍም ሐራም ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ቤተሰቡ እየደከመ ለውጭ ሰው ብቻ ለጋስ ቢሆን ሚዛኑ ተዛብቷል። የቤተሰብ ሐቅ ከሐቆች ሁሉ የቅርብ ሐቅ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ሳሉ ሰዎቹን ወደ ፊት አሳልፈው ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር እንደ ሮጡ፣ በመጀመሪያው እርሷ እንደ ቀደመቻቸው፣ ከጊዜ በኋላም እርሳቸው እንደ ቀደሟትና ያንን በዚህ እንዳካካሱት በሐዲስ ተዘግቧል። የዑማው ሸክም ሁሉ በትከሻቸው የነበረ ሰው ለዚህ ጊዜ ካገኙ፣ በሳምንት ሃያ አምስት ክፍለ ጊዜ የማስተምር እኔ ምን ሰበብ አለኝ? ለየቲምም ከእቁቡ ላይ ድርሻውን አስቀድሜ አወጣሁ። ባልደረባዬም ይህን ሲሰማ «እንዲህ ከሆነ አላህ ያሳምረው» አለኝ።

እናቴስ? በሦስተኛው ቀን ባለቤቴን ጠርታ ከትራሷ ሥር ሁለት መቶ ብር አወጣችና «ለልጆቹ ሐላዋ ግዢበት፤ ለእኔም ቅመሽልኝ» አለቻት። ባለቤቴ አለቀሰች። እኔም ወደ ጓሮ ወጣሁ።

መንገዱ

ቅዳሜ የካቲት 21 ሱብሒ ሰግደን ወጣን። ደጀን እንግዲህ የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከተማዋን ለቅቀን ጥቂት እንደሄድን መሬቱ ከእግራችን ሥር ይከፈታል። መኪናው በጠመዝማዛው መንገድ እየተንደረደረ ሲወርድ ደጋው ብርድ ቀርቶ የቆላው ሙቀት ፊት ላይ ይነፍሳል። ከታች በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ተሠርቶ የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ ጎን ተሻገርን። ከደጀን እስከ ማዶው ጎሐ ጽዮን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ቁልቁለቱና ዳገቱ ግን የልብ መሥዋዕት ይጠይቃል። ባለቤቴ ዓባይን የተሻገረችው ከጋብቻችን በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሙሉ መንገዱን በመስኮት ስታይ፣ በከንፈሯ ዚክር ስታደርግ አየኋት። ከዚያ ገርባ ጉራቻ፣ ፍቼ፣ ሙከ ጡሪ፣ ጫንጮ፣ ሱሉልታ፤ በእንጦጦ በኩል ቁልቁል አዲስ አበባ። ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀትር ላይ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ወረድን።

በመጀመሪያ ያመራነው ወደ ታላቁ አንዋር መስጊድ ነው። መንገደኛ ለብቻው ሲሰግድ አራት ረከዓ የሆኑትን ወደ ሁለት ያሳጥራል፤ ከነዋሪ ኢማም ኋላ ከቆመ ግን አሟልቶ ይሰግዳል። እኛም ዙሁርን ከጀማዓው ጋር አሟልተን ሰገድን። ባለቤቴ ከሴቶች ክፍል ስትወጣ ዓይኗ እርጥብ ነበር። «ይህን ያህል ሙስሊም ሴት በአንድ ሶፍ ቆሜ አላውቅም» አለችኝ። በቁጥር አነስ ብሎ የሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ማረፊያን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለቤቴ ኮልፌ የምትኖር አክስት አለቻት። እዚያ ማረፍ እንችል ነበር። ነገር ግን የእኛን ባህል ታውቁታላችሁ፤ እንግዳ ሴት ዘመድ ቤት ከገባች ከአንድ ሰዓት በኋላ ማዕድ ቤት ናት። ስለዚህ መርካቶ አካባቢ ንጹሕ ፔንሲዮን ያዝን። እንግዳ ተቀባዩ የኒካሕ ወረቀት ጠየቀን። እኔ ተቆጣሁ፤ ባለቤቴ ግን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። «ደግ አደረገ፤ ቤቱ የሚጠበቅ ነው ማለት ነው» አለችኝ። ስለዚህ የምትሄዱ ሁሉ ወረቀታችሁን አትርሱ።

ያበላሸሁት እራት

ቅዳሜ ማታ መርካቶ ውስጥ አንድ የሙስሊም ክትፎ ቤት ገባን። ወቅቱ የክርስቲያን ወገኖቻችን ዐቢይ ጾም በመሆኑ ብዙ ሥጋ ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ የሙስሊም ቤቶች ግን ከፍተው ይሠራሉ። ክትፎው ለብ ብሎ በጣባ ቀረበ፤ ከጎኑ አይብ፣ ጎመንና ስስ ቆጮ። የቅቤውና የኮረሪማው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ባለቤቴ ቢስሚላህ ብላ አንድ ጉርሻ ወሰደችና ዓይኗን ጨፈነች። እኔ በዚያች ቅጽበት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የዋጋ ዝርዝሩን አየሁና «በዚህ ብር እኮ ደጀን ዶሮ ይገዛ ነበር!» አልኩ።

እጇ ቆመ። ሁለተኛውን ጉርሻ አስቀመጠችው። «ጠገብኩ» አለች። ያን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለዚህ አንድ ማዕድ ነበር፤ በአንድ ቃል አጠፋሁት። ወደ ማረፊያችን ስንመለስ ዝም ተባብለን ነበር። ከመተኛታችን በፊት እንዲህ አለችኝ፦ «ዋጋውን የምታሰላብኝ ከሆነ ቤቴ ሽሮ መብላት ይሻለኛል። እኔ ለእናትህ የሰጠሁትን ቆጥሬ ነግሬህ አላውቅም።»

አንባቢ ሆይ! ሰጥቶ መመጻደቅ ምጽዋትን ከነአጅሩ እንደሚያጠፋ ስንት ጊዜ በመስጊድ ሰምተናል? ስንት ጊዜስ ለተማሪዎቻችን አስተምረናል? በሚስት ላይ ሲሆን ግን ሕጉ የማይሠራ ይመስለናል። በቁራሽ ላይ የተጨመረ ወቀሳ እንደ መርዝ ነው፤ ምግቡ ቢጣፍጥም አይወርድም። ያን ሌሊት ይቅርታ ጠየቅኋት። ጠዋት ደግሞ የቀረውን ገንዘብ በሙሉ አውጥቼ በእጇ አስቀመጥኩ። «ዛሬ አንቺ መሪ ነሽ፤ እኔ ተከታይ ነኝ» አልኳት።

እሑድ

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጉዞው ሌላ ሆነ። በጠዋት ፉልና ፈጢራ አዘዘች። ፉሉ በሽንኩርት፣ በቲማቲም፣ በቃርያ፣ በዘይትና በከሙን ታሽቶ በሸክላ ድስት ፈልቶ መጣ። ፈጢራው እንደ ወረቀት የሳሳ ሊጥ ነው፤ በመሐሉ እንቁላል ተደርጎ ተጠብሶ ማር ይፈስበታል። ሻዩ ቅርንፉድና ቀረፋ ነበረው። ሁለታችንም ጠግበን ለአንድ ሰው ክትፎ ከከፈልኩት ያነሰ ወጣ። እኔ «ርካሽ ነው» ልል አፌን ስከፍት አየችኝና ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ሄደን ብሔራዊ ሙዚየምን ጎበኘን። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችውን የድንቅነሽን ቅሪተ አካል ቅጂ አየን። እኔ ስለ እርሷ በክፍል ውስጥ ለዓመታት ሳወራ ኖሬያለሁ፤ ሚስቴን ግን አንድም ቀን «ነይ እንየው» ብያት አላውቅም። ከዚያ ወደ ፒያሳ ወርደን በአንድ ጭማቂ ቤት አቦካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ተደራርቦ የሚቀርበውን ስፕሪስ ጠጣን። ያኔ ያለፍንባቸው አንዳንድ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል፤ ዛሬ ብትሄዱ ያንን መልክ አታገኙትም። ዙሁርንም በዚያው በኒን ሰፈር ባለው ኑር መስጊድ ሰገድን።

ለምሳ ባለቤቴ «የሶማሌ ሩዝ እንቅመስ» ብላ ወደ ቦሌ ሚካኤል ሄድን። በዚያ ሰፈር የሶማሌ ወገኖቻችን በብዛት ይኖራሉ፤ ምግብ ቤቶቻቸውም ሐላል ናቸው። ሩዙ በትልቅ ትሪ ቀረበ፤ ላዩ ላይ የፍየል ሥጋ፣ ዘቢብ፣ የተጠበሰ ሽንኩርት፣ ከጎኑ ሙዝና በሚጥሚጣ የተሠራ ስልስ። ሙዝ ከሩዝ ጋር! እኔ ተጠራጠርኩ፤ ባለቤቴ ግን ቆርሳ ከሩዙ ጋር ጎረሰችና «ሞክር» አለችኝ። ለካ እውነትም ይስማማል። ሩዙና ሄሉ በዘመናት ከህንድና ከየመን በባሕር እየተሻገሩ ወደ ሶማሌ ጠረፍ የገቡ ናቸው፤ ንግዱ ምግብንም ሃይማኖትንም አብሮ ያመላለሰበት ታሪክ በአንድ ትሪ ላይ ይነበባል።

ከዚያ ባለቤቴ ያልጠበቅሁትን አደረገች። ተነሥታ ወደ ማዕድ ቤቱ በር ሄዳ አብሳይዋን ሰላም አለቻት። ሁለቱ ሴቶች በተሰባበረ አማርኛና በእጅ ምልክት ሩብ ሰዓት አወሩ። ስትመለስ በእጇ የወረቀት ጥቅል ነበር፦ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ከሙን። «መጀመሪያ ሥጋውን ቀቅለህ፣ በዚያው መረቅ ነው ሩዙ የሚበስለው» አለችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁት ብርሃን የልጃገረድነቷ ነበር። ለካ ባለቤቴ ምግብ መሥራት አልሰለቻትም። የሰለቻት ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ያለ ዕረፍት መሥራቷ ነው።

ማታ ኮልፌ አክስቷ ዘንድ ሄድን። ከደጀን ያመጣነውን ቅቤና ነጭ ጤፍ ይዘን ነበር። አክስቷ ገና በሩ ላይ «ዘመድ እያላችሁ ፔንሲዮን? ምን በድዬ ነው?» ብላ ተቀየመች። ባለቤቴ እግሯ ሥር ተቀምጣ እውነቱን ነገረቻት፤ ስለ አማቷ፣ ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ድካሟ። አክስቷ ዝም ብላ ሰማችና ተነሥታ እጇን ይዛ መከዳው ላይ አስቀመጠቻት። «እንግዲያስ እዚህም ከተቀመጥሽበት አትነሺም» አለቻት። እራቱን ያቀረቡት የአክስቷ ልጆች ናቸው፤ ወንዶቹም ጭምር። ስለዚህ እውነቱን በፍቅር ከነገራችኋቸው ዘመድም ይረዳል።

መልስና ከዚያ በኋላ

ሰኞ ጠዋት በመስኮት ነጭ በነጭ የለበሰ፣ ባንዲራ የያዘ፣ እየፎከረ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ የሚተም ሕዝብ አየን። የ1888ቱ የዓድዋ ድል 124ኛ ዓመት ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት የሞተበት ድል ነውና ደስ አለን። ለልጆቹ ሐላዋና ሙሸበክ ገዝተን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተሳፈርን፤ ዐስር ሳያልፈን ደጀን ገባን። እናቴ ሐላዋውን ቀምሳ «ይህማ ዓባይን ያሻግራል!» አለች።

ወጪው ምን ያህል ሆነ? ትራንስፖርት፣ ሁለት ሌሊት ማረፊያ፣ ምግቡ፣ የከተማ ታክሲና ስጦታው ተደምሮ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር አልሞላም። ዛሬ ዋጋው ሁሉ ንሯልና በዚያ ሒሳብ አትመሩ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። «ክረምት ላይ እንሄዳለን» ብለን አቆይተነው ቢሆን ኖሮ ቀርቶብን ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን ግጭት ተነሥቶ ያንን መንገድ እንደ ልብ የማንሄድበት ጊዜ መጣ። እናቴ በ2014 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄደች፤ አላህ ይዘንላት። እስከ መጨረሻዋ ቀን የታጠበችውም የጎረሰችውም በባለቤቴ እጅ ነው። ከመሞቷ በፊት በነበረው ዒድ «ያን የአዲስ አበባውን ሩዝ» ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ በሄልና በፍየል መረቅ ሠራችላት። እናቴ ጥቂት ማንኪያ በላችና እጇን ዘርግታ ረጅም ዱዓ አደረገችላት። ሰዎች ስለዚያች የሦስት ቀን ጉዞ «ምን አተረፋችሁ?» ሲሉኝ የምመልሰው ይህንን ነው።

ለእናንተስ?

አንደኛ፦ ዓባይን መሻገር ግድ አይደለም። መንገድ ካልተመቸ በራሳችሁ ከተማ አንድ ቀን ይበቃል። ወንዱና ልጆቹ ይሥሩ፤ እናት ትቀመጥ። ሽሮው ቢያርም አትሞቱም።

ሁለተኛ፦ የምትወጡ ከሆነ ሐላሉን አስቀድማችሁ አጣሩ። ዓሣ እርድ አያስፈልገውም፤ ሰላም ሲሆን ባሕር ዳር የጣና ዓሣ ለእኛ ሰፊ በር ነው። ድስቱና ዘይቱ ንጹሕ መሆኑን ጠይቁ። በጾም ቀናት የሚቀርበው በየዓይነቱም አማራጭ ነው።

ሦስተኛ፦ ገንዘቡን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ አትበደሩ፤ የሚስኪንን ድርሻ አስቀድሙ። ከወሰናችሁ በኋላ ግን በማዕዱ ላይ ዋጋ አታንሡ። የእኔን ስሕተት አትድገሙ።

አራተኛ፦ ምርጫውን ለእርሷ ስጡ። ዘጠኝ ዓመት እናንተ የወደዳችሁትን ስትሠራ ኖራለች፤ እርሷ ምን እንደምትወድ ታውቃላችሁን?

አምስተኛ፦ ወጣቶች ሆይ! ገና ያላገባችሁ ከእናቶቻችሁ ጀምሩ። ዛሬ ማታ ሳህኑን አንሡ፤ ነገ ሚስት ስታገቡ እጃችሁ የለመደ ይሆናል።

እኔና ባለቤቴ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ወደ ሐረር የመሄድ ውጥን አለን። ጀጎል በግንቡና በመስጊዶቹ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ባለቤቴ ግን ወደዚያ የምትሄደው ሐላዋው እንዴት እንደሚሠራ ለመጠየቅ ነው። ኢንሻአላህ ያድርሰን።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ መጽሔቱን ከማጠፍህ በፊት የባለቤቴን ጥያቄ ለራስህ ውሰደው። ከዚያ ተነሥተህ ወደ ማዕድ ቤት ግባና እርሷን ጠይቃት። መልሱን ከእርሷ አፍ ስማ።